የፑሪ ማዕድ፦ የማሃፕራሳድ ታሪክ

ፑሪ በምሥራቅ ሕንድ፣ በኦዲሻ ክፍለ ግዛት፣ በቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ የምትገኝ ከተማ ናት። ሂንዱዎች ዕድሜ ዘመናቸውን ሊሳለሟቸው ከሚመኟቸው አራት ታላላቅ ስፍራዎች አንዷ ስትሆን፣ ሦስቱ በሰሜን ባድሪናት፣ በምዕራብ ድዋርካ፣ በደቡብ ራሜሽዋራም ናቸው። በምእመናኑ አባባል ቪሽኑ የተባለው አምላክ ራሜሽዋራም ይታጠባል፣ ባድሪናት ይመሰጣል፣ ድዋርካ ያርፋል፤ የሚመገበው ግን ፑሪ ነው። ከተማዋ በሠረገላ በዓሏ በዓለም ብትታወቅም፣ የብዙ ተሳላሚ ጉዞ የሚደመደመው መሬት ላይ ተቀምጦ ከሸክላ ድስት በሚበላው ሩዝና የጥራጥሬ ወጥ ነው። ይህ ምግብ ማሃፕራሳድ ይባላል፤ ታላቅ በረከት እንደ ማለት ነው። የአገሬው ሰው በዕለት ንግግሩ አባዳ ይለዋል።

አሁን ያለውን ቤተ መቅደስ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማሠራት የጀመረው የምሥራቅ ጋንጋ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ አናንታቫርማን ቾዳጋንጋ ነው። ወደ 65 ሜትር ከፍታ ባለው ግንብ ሥር ከእንጨት የተቀረጹ ሦስት ምስሎች ይገኛሉ፦ የቪሽኑ መልክ የሆነው ጃጋናት፣ ወንድሙ ባላባድራና እኅታቸው ሱባድራ። ቤተ መቅደሱ የተደራጀው እንደ ቤተ መንግሥት ነው። ጌታው በማለዳ ይቀሰቀሳል፣ ይታጠባል፣ ይለብሳል፣ በየሰዓቱ ግብር ይቀርብለታል፣ ማታ ይተኛል። ለየአገልግሎቱ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሹመት አለ፤ የወጥ ቤቱ ሹመኞች ሱዋራ ይባላሉ።

ወጥ ቤቱ ከዋናው ግንብ በስተደቡብ ምሥራቅ ይገኛል። በመቶ በሚቆጠሩት ምድጃዎቹ ላይ የሚነደው ማገዶ ብቻ ነው። ውሃው ጋንጋና ያሙና በሚል የሁለቱ ቅዱሳን ወንዞች ስም ከተሰየሙ ጉድጓዶች ይቀዳል። የብረትም ሆነ የነሐስ ድስት ለዚህ ማብሰያ አይገባም፤ ሁሉም የሚበስለው ኩዱዋ በሚባል የሸክላ ድስት ሲሆን፣ አንድ ጊዜ ምግብ የበሰለበት ድስት ዳግመኛ እሳት ላይ አይጣድም። በዚህ የተነሳ የፑሪ አካባቢ ሸክላ ሠሪዎች በየቀኑ አዳዲስ ድስቶችን ያቀርባሉ። ድስቶቹ አንዱ ባንዱ ላይ እየተነባበሩ ይጣዳሉ፤ ከሥር የሚነሳው እንፋሎት እየወጣ የላይኞቹን ያበስላል። ምእመናን ከሁሉ ቀድሞ የሚበስለው ላይኛው ድስት ነው ይላሉ፤ ይህንንም የምታደርገው በማይታይ እጇ ወጥ ቤቱን የምትመራው እመቤት ላክሽሚ እንደሆነች ያምናሉ። አብሳዮቹ በበኩላቸው ምግቡን አይቀምሱም፣ አያሸቱም፤ ጨው በዛ አነሰ የሚለው የሚለየው በልምድ ብቻ ነው። ድስቶቹ በትከሻ እንጨት ተንጠልጥለው ወደ ውስጥ ሲወሰዱ፣ ትንፋሽ እንዳይነካቸው ተሸካሚዎቹ አፋቸውን በጨርቅ ይሸፍናሉ።

የምግቡ ዝርዝር ራሱ የታሪክ ሰነድ ነው። ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል የሉበትም፤ ቅቤና ወተት ግን ስላሉበት በኢትዮጵያ አነጋገር የጾም ምግብ አይባልም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የሥጋን ስሜት ይቀሰቅሳሉ ተብለው የተከለከሉ ናቸው። ድንች፣ ቲማቲምና በርበሬ ያልገቡበት ምክንያት ግን ሌላ ነው። እነዚህ ከአሜሪካ አህጉር የመጡ አትክልቶች ሕንድ የደረሱት ከ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ወዲህ፣ በፖርቹጋሎች መርከብ ነው። የቤተ መቅደሱ ግብር ደግሞ ያን ጊዜ ወጉ ጸንቶ ነበርና እንግዳ ተክል አልተቀበለም። ስለዚህ ማቃጠሉ ከቁንዶ በርበሬና ከዝንጅብል፣ ጣፋጭነቱ ከሸንኮራ ጥቁር ስኳር፣ መዓዛው ከንጥር ቅቤ፣ ከከሙንና ከሰናፍጭ ይመጣል። ጎደሬ፣ ቦዬና ያልበሰለ ሙዝ በወጡ ውስጥ ይገባሉ። ዳልማ የሚባለው ጥራጥሬና አትክልት በአንድነት የበሰሉበት ወጥ፣ ካኒካ የተባለው ቅቤና ስኳር የገባበት ሩዝ፣ እንዲሁም ሩዝና ማሾ አንድ ላይ የሚበስሉበት ኬቹዲ ከታወቁት መካከል ናቸው። ኮኮናትም በብዙው ውስጥ አይጠፋም። ለጃጋናት የሚቀርበው ግብር በልማድ 56 ዓይነት ይባላል።

በወጥ ቤቱ የበሰለ ሁሉ ማሃፕራሳድ አይደለም። ምግቡ መጀመሪያ ለጃጋናት፣ ከዚያም በዚያው ቅጥር ውስጥ የራሷ መቅደስ ላላት ለእመቤት ቢማላ ይቀርባል። ስሙንና ክብሩን የሚያገኘው ከሁለተኛው መሥዋዕት በኋላ ነው። ከዚያ ወደ አናንዳ ባዛር ይወጣል። የስሙ ፍቺ የደስታ ገበያ ሲሆን፣ ቦታው በውጨኛው ቅጥር ውስጥ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ነው። ሻጩ የድስቱን ክዳን ገልጦ ያሳያል፤ ገዢው ከሩዙም ከወጡም ይቀምሳል፣ ይከራከራል፣ ከዚያ ከቤተሰቡ ጋር መሬት ላይ ተቀምጦ በሙዝ ቅጠል ይበላል። ጠረጴዛና ወንበር የለም፤ ባለጠጋውም ደሃውም መሬት ላይ ነው።

የዚህ ገበያ ታላቅነት የሚገባው የሕንድን የካስት ሥርዓት ለሚያውቅ ነው። በትውልድ በሚወረሰው በዚህ የመደብ ክፍፍል፣ የበሰለ ሩዝ ከሁሉ በላይ በቀላሉ የሚረክስ ነገር ነው። ከመደቦቹ ሁሉ በላይ የሚቆጠረው ባህላዊው ብራህማን ከእርሱ በታች ያለ ሰው ያበሰለውን ሩዝ አይበላም፤ ሌላ ሰው የቀመሰው ትራፊማ እንኳን ሊበላ አይነካም። በአናንዳ ባዛር ግን ብራህማኑ ሌላው እጁን ካስገባበት ድስት ይበላል፤ ማሃፕራሳድ በማንም እጅ አይረክስም፣ ትራፊ የሚባልም የለውም።

ልማዱ በሥነ ጽሑፍም ተደግፏል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባላራማ ዳስ የተባለው ባለቅኔ በኦዲያ ቋንቋ የጻፈው ላክሽሚ ፑራና፣ ላክሽሚ ስሪያ ወደምትባል ከመደብ ውጪ ወደሆነች ጠራጊ ሴት ቤት መሄዷን ይተርካል። ባላባድራ በዚህ ተቆጥቶ ወንድሙ ጃጋናት ሚስቱን ላክሽሚን እንዲያባርር ያደርጋል። እመቤቲቱ ስትሄድ በረከቱ አብሯት ይሄዳል፤ ሁለቱ ወንድማማቾች የሚበሉት አጥተው ለማኝ ይሆናሉ፣ በመጨረሻም እህል የሚያገኙት ከራሷ ከላክሽሚ ደጅ ነው። ለመመለስ የጠየቀችውም በፑሪ ከብራህማን አንሥቶ ከመደብ ውጪ እስከሚባለው ቻንዳላ ድረስ ሁሉም በአንድነት እንዲበላ ነበር። የኦዲሻ ሴቶች ይህን ታሪክ እስከ ዛሬ ማርጋሺራ በሚባለው ወር በየሐሙሱ ያነባሉ።

ይሁን እንጂ ማዕዱ የፈቀደውን በሩ አልፈቀደም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1803 ኦዲሻን ከያዙ በኋላ በተሳላሚዎች ላይ ግብር ጣሉ፤ በ1809 የወጣው ደንብም ወደ ቤተ መቅደሱ እንዳይገቡ የሚከለከሉትን ወገኖች በስም ዘረዘረ። ግብሩ በ1840 ሲቀር ክልከላው ቀጠለ። የማዕዱ ነጻነት ከቅጥሩ ውጪ ምን ያህል እንደማይሠራ ያሳየው ደግሞ የ1866 ረሃብ ነው። ያ ረሃብ አንድ ሚሊዮን ገደማ፣ ማለትም ከክፍለ አገሩ ሕዝብ አንድ ሦስተኛውን ያህል ፈጀ። ነፍሳቸውን ለማትረፍ ቻትራ በተባሉት የእርዳታ ወጥ ቤቶች ከበሉት ብዙዎቹ፣ ማን እንዳበሰለው ያልታወቀ ሩዝ በልታችኋል ተብለው ከመደባቸው ተባረሩ። ቻትራካይ፣ ማለትም የቻትራ በላተኞች፣ የሚባል አዲስ ወገንም ከእነሱ ወጣ። በቤተ መቅደሱ ግቢ ብራህማንን ከገበሬ ጋር ያስቀመጠው ሩዝ፣ ጥቂት ርቆ ሰውን ከወገኑ ለየ።

ማኅተማ ጋንዲ በ1934 ከመደብ ውጪ ሆነው የማይነኩ የሚባሉትን ለማስከበር ያደረገውን የእግር ጉዞ የጀመረው ከፑሪ ነበር፤ እነሱ የማይገቡበት ቤተ መቅደስ ግን አልገባም። በ1938 ባለቤቱ ካስቱርባ ወደ ውስጥ ገብታ መሳለሟን ሲሰማ ክፉኛ አዝኗል። የ1950 የሕንድ ሕገ መንግሥት የማይነኩ የሚለውን ልዩነት ሕገ ወጥ ካደረገ ወዲህ በሩ በሕግ ለሂንዱ ሁሉ ክፍት ነው። ሂንዱ ያልሆነ ግን ዛሬም አይገባም።

ምግቡ ከሰው ይልቅ ራቅ ብሎ ይሄዳል። ኒርማልያ የሚባለው የደረቀ የማሃፕራሳድ ሩዝ በትንሽ ከረጢት ታስሮ ወደ ሩቅ መንደሮች ይወሰዳል። ጋብቻ ሲታሰር ቃል ይጸናበታል፤ ሊሞት በተቃረበ ሰው አፍም ጥቂት ፍሬ ይደረጋል። በ2020 ቤተ መቅደሱ በወረርሽኝ ምክንያት ለምእመናን ሲዘጋም የዕለቱ ግብር አልታጎለም፤ አገልጋዮቹ ማብሰላቸውን ቀጥለዋል። የፑሪ ማዕድ የካስትን ሥርዓት አላፈረሰም፤ ሥርዓቱ ግን በማዕዱ ላይ ቦታ የለውም። በየማለዳውም ሸክላ ሠሪዎቹ አዲስ ድስት ያመጣሉ።