ከጊዮርጊስ ሜዳ እስከ ካርቱም ጉባኤ፦ የይድነቃቸው ተሰማ የኳስ ዘመን

ከዓባይ ሸለቆ በስተምሥራቅ በተዘረጋው የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ በመካነ ሰላምና በአካባቢው፣ እንደ ሌላው የሰሜን ኢትዮጵያ ደገኛ አገር ሁሉ፣ የኳስ ጨዋታ ከእግር ኳስ መምጣት በፊት የነበረ ነው። ይህም በልደት በዓል ሰሞን ወንዶች በሁለት ወገን ተከፍለው፣ ጫፉ በቆለመመ ዱላ፣ ሩር የምትባለውን ድቡልቡል ነገር ወደ ባላጋራ ወሰን ለማሳለፍ የሚታገሉበት የገና ጨዋታ ሲሆን፣ በዚያ ቀን ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ መሰለፋቸው፣ ሎሌው ቢመታም ጌታው አለመቆጣቱ፣ የጨዋታው ዋና ሥርዓት ሆኖ ኖሯል። እግር ኳስ በአንጻሩ ሕጉ ተጽፎ ከባሕር ማዶ የመጣ የከተማ ጨዋታ በመሆኑ፣ ማን ከማን ጋር ይሰለፋል የሚለውን ጥያቄ በልማድ ሳይሆን በደንብና በማኅበር የሚወስን ነበር፤ የይድነቃቸው ተሰማም የሕይወት ታሪክ ከሞላ ጎደል የዚህ ጥያቄ ታሪክ ነው።

ተጫዋችነትና የማኅበር መሪነት በአንድ ሰው ላይ መገናኘታቸው ለእግር ኳስ አዲስ ነገር አልነበረም። በጨዋታው የትውልድ አገር በእንግሊዝ፣ እ.ኤ.አ. በ1842 በሰንደርላንድ የተወለደው ቻርልስ አልኮክ፣ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ጸሐፊ ሆኖ የማኅበሩን ዋንጫ ውድድር ካስጀመረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1872 የመጀመሪያውን ዋንጫ የወንደረርስ ቡድን አምበል፣ ማለትም በሜዳ ውስጥ የቡድኑ አለቃ፣ ሆኖ ራሱ ወስዷል፤ እ.ኤ.አ. በ1875ም የአገሩን ብሔራዊ ቡድን በአምበልነት መርቷል። ሆኖም አልኮክ በታወቀ ትምህርት ቤት የተማረ የባለጸጋ ልጅ ነበረና፣ ሜዳ የመግባት መብቱን የጠየቀው ሰው አልነበረም።

አቶ ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥምና በዜማ የታወቁ፣ ድምፃቸውንም በጀርመን አገር በሸክላ ያስቀረጹ ሰው ሲሆኑ፣ የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ልጅ ለሆኑት ለልጅ ኢያሱ ቅርብ ስለነበሩ፣ ልጅ ኢያሱ በ1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ የእርሳቸውም ዕድል አብሮ ወደቀ። ልጁ ያደጉት እንግዲህ የቤተ መንግሥትን ሞገስም ቁጣም ባየ ቤት ውስጥ ነው።

በአዲስ አበባ የውጭ ማኅበረሰቦች የየራሳቸውን የኳስ ቡድን አቋቁመው በሚጫወቱበት ጊዜ፣ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ በ1928 ዓ.ም. ስሙን ከአራዳ ጊዮርጊስ ያገኘውን የቅዱስ ጊዮርጊስን ቡድን መሠረቱ፤ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ የነበሩት ይድነቃቸውም ከቀደምት ተጫዋቾቹ አንዱ ሆኑ። ብዙም ሳይቆይ ግን የኢጣሊያ ጦር ከተማይቱን ያዘ። ፋሺስቶቹ ጨዋታውን አልከለከሉም፤ ያደረጉት ከክልከላ ይልቅ የሚያዋርድ ነበር፤ ነጭን ከነጭ፣ «አገሬ»ን ከ«አገሬ» ጋር ብቻ አሰልፈው፣ ቅዱስ ጊዮርጊስንም የፋሺስት ሥርዓትን ምልክት በሚያመለክተው ሊቶሪዮ በሚለው ቃል «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ብለው ሰየሙት። ይድነቃቸው ኳስን የበሰሉበት ዕድሜ ይህ የተከፈለ ሜዳ የነበረበት ዘመን መሆኑ፣ በኋላ በዓለም አቀፍ ጉባኤ ላይ ያሳዩትን አቋም ለመረዳት ከማናቸውም ሌላ ማስረጃ ይልቅ የሚረዳ ይመስላል።

በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ ቡድኑ ስሙን መልሶ ያዘ፤ ከአርመኖች፣ ከግሪኮች፣ ከኢጣሊያኖችና በአገሪቱ ከነበረው የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድኖች ጋር በእኩልነት መጫወት ጀመረ። የአገሪቱ እግር ኳስ ፌዴሬሽን፣ ማለትም ውድድሮችን የሚያዘጋጀውና ደንብ የሚያስከብረው የቡድኖች ኅብረት፣ እ.ኤ.አ. በ1943 ሲቋቋም ይድነቃቸው ከመሥራቾቹ መካከል ነበሩ። በተከታዩ ዓመት የተካሄደውን የመጀመሪያ ሻምፒዮና የወሰደው የእንግሊዙ ወታደራዊ ቡድን ነበር፤ ይህ ለአገሬው ተመልካች ጥቂት የሚመር ነገር ቢሆንም፣ ሽንፈቱ የተገኘው ሁሉም በተሰለፈበት ሜዳ ላይ ስለሆነ ከቀደመው ዘመን ድል ይሻል ነበር።

ይድነቃቸው ለቅዱስ ጊዮርጊስ ለ23 ዓመታት እንደተጫወቱ፣ በ365 ግጥሚያዎች 318 ግቦችን እንዳስቆጠሩና ለብሔራዊ ቡድኑ 15 ጊዜ እንደተሰለፉ በሕይወት ታሪካቸው ይነገራል። ቁጥሩ የአንድ ታላቅ አጥቂ ቁጥር ነው፤ ነገር ግን ተጫዋቹ ይድነቃቸው በመሪው ይድነቃቸው ጥላ ሥር ስለዋሉ፣ ዛሬ ስማቸውን የሚያነሣ ሰው ግባቸውን ብዙ ጊዜ አያስታውስም።

የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. በካርቱም ሲመሠረት፣ በጉባኤው ኢትዮጵያን የወከሉት ይድነቃቸው ነበሩ። ለመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሱዳን፣ ግብጽ፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ታስበው ሳለ፣ የመጨረሻይቱ አገር ጥቁሮችንና ነጮችን በአንድ ቡድን አላሰልፍም በማለቷ ከውድድሩ ውጭ ሆነች። በዚህም ምክንያት ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች፤ በፍጻሜውም በግብጽ 4 ለ 0 ተሸነፈች፤ አራቱንም ግቦች ያስቆጠረው አድ ዲባ ነበር።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ላይ ሒሳቡ ተወራረደ። ይድነቃቸው በአሠልጣኝነት የመሩት ቡድን ሁለት ጊዜ ከመመራት ተነሥቶ መደበኛውን ጊዜ 2 ለ 2 ከፈጸመ በኋላ፣ በተጨማሪው ጊዜ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ባስቆጠሯቸው ግቦች ግብጽን 4 ለ 2 አሸነፈ። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ከኢጣሊያዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለደ ነበር፤ ከሃያ ዓመት በፊት በዚያው ከተማ በሥራ ላይ በነበረው ሥርዓት ቢሆን ከመንግሥቱ ወርቁ ጋር በየትኛው ቡድን ይሰለፍ እንደነበር መገመት ያስቸግራል።

የዓለም እግር ኳስ ማኅበር፣ በአጭር ስሙ ፊፋ፣ በዚያ ዘመን በእንግሊዛዊው ሰር ስታንሊ ራውስ ይመራ ነበር። ራውስ ፖለቲካንና ስፖርትን መለየት ያስፈልጋል እያሉ የደቡብ አፍሪካን እገዳ ሲያስነሱ፣ ይድነቃቸውና ጓደኞቻቸው ዘር ለይቶ ተጫዋች መምረጥ ራሱ ፖለቲካ ነው ብለው ተከራከሩ፤ እገዳውም እ.ኤ.አ. በ1964 ተመለሰ። በዚሁ ጊዜ ፊፋ ለ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካና ለእስያ በጋራ አንድ ቦታ ብቻ በመስጠቱ፣ የጋናው ኦሄኔ ጃንና ይድነቃቸው የተሟገቱለት ተቃውሞ የአፍሪካ አገሮችን ከማጣሪያው አስወጣ፤ አፍሪካም ከ1970 ጀምሮ የራሷን ቦታ አገኘች።

ይድነቃቸው በ1964 ዓ.ም. የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ ከዚያም እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ በዚሁ ሥልጣን ቆዩ። ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. ሲያርፉ ደቡብ አፍሪካ ከአፍሪካ ሜዳ ውጭ እንደሆነች ነበረች፤ ወደ ኮንፌዴሬሽኑ የተመለሰችው የዘር መድልዎ ሥርዓቷ እየፈረሰ በነበረበት በ1984 ዓ.ም. ነው።