ለተማሪው የቆመ ሰው

እስራኤል ውስጥ የኢትዮጵያውያን ልጆች በብዛት በሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች፣ ከርእሰ መምህሩና ከአስተማሪዎቹ ሌላ አንድ ሰው ይገኛል። ወላጅ ሲጠራ አብሮ ይቀመጣል፤ ልጅ ከክፍል ሲቀር ቤቱ ድረስ ሄዶ ይጠይቃል፤ ወላጅና መምህር ሳይግባቡ ሲቀሩ መሀል ገብቶ በአማርኛም በዕብራይስጥም ያስረዳል። ሥልጠናና ደመወዝ ያለው ሥራ ነው። ሥሩ ግን ጎንደር ዙሪያ ካሉ መንደሮች የመጣ ነው፤ ያመጡትም ራሳቸው በባዕድ አገር ተማሪ ሆነው የኖሩ ሰዎች ናቸው።

ቀዳሚው ታምራት አማኑኤል ናቸው። የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ወዳጅ «ስለ ኢትዮጵያ ደራስያን» በተባለው ጽሑፋቸው ያውቃቸዋል፤ የተማሪ አሳዳጊነታቸውን ግን የሚያነሣው ጥቂት ሰው ነው። በ1888 ገደማ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጎንደር አካባቢ ከቤተ እስራኤል፣ ማለትም ከኢትዮጵያ አይሁዳውያን ተወለዱ። አሥመራ በስዊድን ሚሲዮን ሲማሩ ዣክ ፋይትሎቪች የተባሉት አይሁዳዊ ምሁር አገኟቸውና በ1905 ከሌላ ወጣት ጋር ወደ ፓሪስ ወሰዷቸው። ከፓሪስ የመምህራን ማሠልጠኛ በኋላ ፍሎረንስ ወርደው በረቢዎች ኮሌጅ ተማሩ። ወደ አገራቸው የተመለሱት በ1920 ነው። ጎረምሳ ሆነው ወጥተው ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗቸው ገቡ ማለት ነው። በእነዚያ ዓመታት ከእሳቸው ቀድሞ በዚያ መንገድ ያለፈ፣ «እንዴት ኖርክበት?» ብለው የሚጠይቁት የአገር ልጅ አልነበራቸውም።

ከዚያ በኋላ የሠሩት ሥራ ይህን ጉድለት የመሙላት ያህል ነው። በ1920ዎቹ አዲስ አበባ ለተከፈተው የቤተ እስራኤል ልጆች ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆኑ። ፋይትሎቪች በሠላሳ ዓመታት ውስጥ 25 ያህል ወጣቶችን ወደ ኢየሩሳሌም፣ ፍራንክፈርት፣ ስዊዘርላንድና ሌሎች አገሮች ልከዋል፤ በየከተማው የአይሁድ ቤተሰብና ትምህርት ቤት እየፈለጉ ያስጠጓቸው ነበር። ከልጆቹ መካከል በወጣትነታቸው የተቀጩ አሉ። ልጅን ከደጋ መንደር አንሥቶ ጀርመን ማድረስ አንድ ነገር ነው፤ ሲታመም፣ ሲከፋው፣ ትምህርቱ ሲከብደው የሚደርስለት ሰው ማኖር ሌላ ነው። ይህ ሁለተኛው በዚያ ዘመን ገና አልተደራጀም ነበር። ጣሊያን አገሩን ሲወር ትምህርት ቤቱ ፈረሰ፤ ታምራትም ተሰደዱ።

ፋይትሎቪች ከላኳቸው አንዱ በሸክላ ሥራዋ ከምትታወቀው ከጎንደር ደጅ ከወለቃ የወጡት አቶ ዮና ቦጋለ ናቸው። ኢየሩሳሌም፣ ፍራንክፈርትና ስዊዘርላንድ ተምረው ተመለሱ፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠሩ፤ በ1950ዎቹ ግን ያንን ትተው የመንደሮቹን ልጆች ትምህርት ያዙ። በ1955 እና በ1956 በሁለት ዙር 27 ወጣቶች እስራኤል ወደሚገኘው ክፋር ባቲያ አዳሪ ትምህርት ቤት ሄዱ። ተምረው መምህር ሆነው እንዲመለሱ ነበር የታሰበው፤ ብዙዎቹም ተመልሰው በአምቦበርና በሌሎች መንደሮች አስተማሩ። ከእነሱ አንዱ፣ ከጎንደር አካባቢዋ የውዛባ መንደር የወጡት ባሩክ ተገኘ፣ በኋላ በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል መውጫ ፍለጋ ከደከሙት ቀዳሚዎች ሆኑ።

ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ ዘመቻ ሙሴ በተባለው ዘመቻ ሺዎች ቤተ እስራኤላውያን ከሱዳን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲወሰዱ፣ አብዛኞቹ ጎረምሶች አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ። ብዙዎቹ ወላጆቻቸውን ኢትዮጵያ ትተው፣ ወይም በመንገድ ቀብረው የመጡ ነበሩ። ስማቸው በዕብራይስጥ ስም የተተካባቸውም ብዙ ናቸው።

ወላጅ ያላቸውም ቢሆኑ ችግሩ አልቀረላቸውም። በወላጆች ቀን አባት ወንበሩ ጫፍ ላይ እጃቸውን አጣምረው ይቀመጣሉ፤ መምህር የሚናገረውን ማቋረጥ ነውር ነው፤ «እናንተ ታውቃላችሁ» ብለው ይወጣሉ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ይቆማል፤ ጎንደር ላይ ይህ ጨዋነት ነው። መምህሯ ግን አባትዬው ግድ የላቸውም፣ ልጁም ይደብቃል ብላ ትመዘግባለች። አስተርጓሚው ራሱ ልጁ ከሆነማ አባት የሚሰሙት ልጁ የፈቀደውን ብቻ ነው።

በ1996 የተቋቋመው «ፊደል» የተባለው ማኅበር የገባው እዚህ መሀል ነው። ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎችን መልምሎና አሠልጥኖ በየትምህርት ቤቱ አስቀመጠ። የሠለጠነው ሰው ለመምህሯ የልጁን ዝምታ ይተረጉማል፤ ለአባት ደግሞ መጠየቅ መብታቸው መሆኑን፣ ልጃቸው ወደ ዝቅተኛው ምድብ ሲዛወር እምቢ ማለት እንደሚችሉ ይነግራል። የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና ሳይሟላ ዩኒቨርሲቲ መግባት ስለሚከብድ፣ ይህ ምክር በሰዓቱ መድረሱ የልጁን ዕድል ይወስናል።

ዛሬ እስራኤል ውስጥ የተወለዱ ልጆች በዕብራይስጡ ከማንም አያንሱም፤ በዚህ ምክንያት ሥራው አብቅቷል የሚሉ አሉ። አላበቃም። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2021 መጀመሪያ 2,000 ያህል ሰዎች ከጎንደርና ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ገብተዋል፤ የዘመኑ የስደተኞች መቀበያ ሚኒስትር ራሳቸው የውዛባዋ ተወላጅ ፕኒና ታማኖ ሻታ ነበሩ። ልጆቹ ክፍል የገቡት ትምህርቱ ከተጀመረ ከወራት በኋላ ነው። ለእንዲህ ያለው ልጅ የሚቆመው ሰው ደመወዝ በለጋሾች ቸርነት ላይ መንጠልጠል የለበትም፤ እንደ ሒሳብ መምህሩ ሁሉ በትምህርት ሚኒስቴር ቋሚ በጀት ሊያዝለት ይገባል።