ቀይ መኪና፣ ቢጫ ክዳን፦ ሁለቱ ጣልያኖችና የቪዲዮ ቤቱ አግዳሚ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ወርዶ፣ ሸዋ ሮቢትን፣ ሰንበቴንና አጣዬን ከኋላው ሲተው የጨፋ ሸለቆ ይቀበለዋል። ቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው ረግረጋማ ሜዳ ነው፤ በበጋ የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደር ከብቱን ይዞ የሚሰበሰብበት። ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ከሚሴ ትገኛለች፤ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ፣ ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የሚሰሙባት የመንገድ ከተማ።

በዚህ መንገድ ላይ ላሉ አብዛኞቹ ከተሞች ፊልም የገባው በሲኒማ ቤት በር አይደለም። በቪዲዮ ቤት በር ነው።

በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ ልጅ የነበረ ሰው ቪዲዮ ቤትን ሲያስታውስ በቅድሚያ የሚመጣለት ጨለማውና ሙቀቱ ነው። በጭቃ ወይም በቆርቆሮ የተሠራ አንድ ክፍል፤ መስኮቱ በጆንያ የተጋረደ። ፊት ለፊት ከፍ ብሎ ቴሌቪዥን፣ ከሥሩ ዴክ። ተመልካቹ በጣውላ አግዳሚ ላይ ተጠጋግቶ ይቀመጣል። በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ ቆሟል፤ በጠመኔ «8 ሰዓት አክሽን፣ 10 ሰዓት የህንድ» ተብሎ ተጽፎበታል። መግቢያው ሳንቲም ነው፤ ቢበዛ አንድ ሁለት ብር። መብራት ሲጠፋ ግማሹ ያፏጫል፣ ግማሹ ገንዘቤ ይመለስልኝ ይላል።

የአስተዳደሩና የፖሊስ ቋንቋ ለዚህ ቤት አንድ ቦታ ብቻ ነበረው። «ጫት ቤት፣ ሺሻ ቤት፣ ቪዲዮ ቤት» ተብሎ በአንድ ትንፋሽ ይጠራል፤ አሰሳ ሲደረግም አብሮ ይታሸጋል። ስጋቱ መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም። ትምህርት ጥለው የሚገቡ ልጆች ነበሩ፤ ለልጅ የማይገባ ፊልም የሚያሳዩ ባለቤቶችም ነበሩ። ነገር ግን በዚያ ክስ ሥር አንድ ትልቅ ታሪክ አብሮ ተቀብሯል።

የሀገራችን የፊልም ታሪክ ሲጻፍ ከ1957ቱ «ሂሩት አባቷ ማን ነው» ተነስቶ ወደ 1966ቱ «ጉማ» ይሻገራል፤ ከዚያ ወደ «አስቴር»፣ ከዚያም ወደ 1990ዎቹ የዲጂታል ፊልሞች ይዘላል። የተሠራው ይቆጠራል፤ የታየው አይቆጠርም። አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ግን ፊልምን የወደደው ቪዲዮ ቤት ገብቶ ባየው ነው። ያ የታየው ደግሞ የሚበዛው የውጭ ነበር፦ የብሩስ ሊ፣ የአሚታብ ባቻን፣ የጃኪ ቻን። ከእነዚህም መሐል ዛሬ ስማቸው እምብዛም የማይነሳ ሁለት ጣልያኖች ነበሩ።

*ወፍራሙና ቀጭኑ*

ወፍራሙ ካርሎ ፔደርሶሊ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1929 ኔፕልስ የተወለደ። ፊልም ተዋናይ ከመሆኑ በፊት ዋናተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950 100 ሜትር ነጻ ዋናን ከአንድ ደቂቃ በታች የጨረሰ የመጀመሪያው ጣልያናዊ ሆነ፤ በሄልሲንኪና በሜልቦርን ኦሊምፒኮችም ሀገሩን ወክሏል። ቀጭኑ ማሪዮ ጂሮቲ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1939 ቬኒስ የተወለደ። እ.ኤ.አ. በ1967 አብረው ዋና ተዋናይ ሲሆኑ ስማቸውን ለገበያ እንዲመች ወደ እንግሊዝኛ ቀየሩ። ዓለም ያወቃቸው ባድ ስፔንሰርና ቴሬንስ ሂል ተብለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው የ«ትሪኒቲ» ፊልም የካውቦይን ፊልም ወደ ሳቅ ቀየረው። ግድያ በሞላበት የጣልያን ካውቦይ ዘመን እነዚህ ሁለቱ በጥፊና በቡጢ መጡ። የስፔንሰር ቡጢ ከላይ ወደ ታች አናት ላይ ይወርዳል፣ ልክ ሙቀጫ ውስጥ እንደሚወርድ ዘነዘና። ተመቺው ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ግራ ተጋብቶ ይሄዳል። ደም የለም፤ የሚያለቅስ እናት የለም።

ከፊልሞቻቸው ሁሉ ከሚገባው በታች የተወራለት ግን እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የማርቼሎ ፎንዳቶ ሥራ ነው። የጣልያንኛ ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «አለዚያ እንናደዳለን» ይሆናል። ፊልሙ በጣልያንና በጀርመን ሕዝብ ቢወደድም ተቺዎች የልጆች ጨዋታ አድርገው አለፉት።

ታሪኩ በአንድ አረፍተ ነገር ያልቃል። ሁለት ተፎካካሪዎች የመኪና ውድድር እኩል ያሸንፋሉ፤ ሽልማቱ ግን አንዲት መኪና ናት፤ በአሸዋ ላይ የምትነዳ ክፍት ዱን ባጊ፣ አካሏ ቀይ፣ ክዳኗ ቢጫ። ማን እንደሚወስዳት በቢራና በቋሊማ ውድድር ሊለዩ ሲቀመጡ የአንድ ባለሀብት ጋንግስተሮች መጥተው ቤቱን ያፈራርሳሉ፣ መኪናዋንም ያቃጥላሉ። ሁለቱ ወደ ባለሀብቱ ይሄዱና የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መኪናችንን መልስ። ቀይ፣ ክዳኑ ቢጫ። አለዚያ እንናደዳለን።

ባለሀብቱ መኪናዋን መግዛት አያቅተውም፤ ሊከፍልም ይዳዳዋል። ከጎኑ ያለው «ዶክተር» የሚሉት አማካሪ ነው የሚከለክለው። ዛሬ ለሁለት ተራ ሰዎች ከከፈልክ ነገ ማን ይፈራሃል ይለዋል። ቀሪው ፊልም፣ ድብድቡም፣ የመዘምራኑ ልምምድ ላይ ተኩሶ ሊገድል የሚመጣው ነፍሰ ገዳይም፣ ከዚህች እምቢታ የሚመነጭ ነው።

ይህን ታሪክ ለጨፋ ሰው ማንም ሊያብራራለት አያስፈልግም። ታሪኩ የካሳ ታሪክ ነው። በወሎ አባጋሮች ደም ሲያደርቁ ጉዳዩ የሚጀምረው ጉዳትን ከማመን ነው። አጥፊው ጥፋቱን ያምናል፣ ካሳው ይቆረጣል፣ ከዚያ በኋላ ዱዓው ይደረጋል። ጉልበት ያለው ሰው «ካሳ መክፈል መዋረድ ነው» የሚል አማካሪ ካገኘ ግን ነገሩ ትውልድ ይሻገራል። የሮም ተቺ ቀልድ ብቻ ባየበት ቦታ፣ በከሚሴ አግዳሚ ላይ የሚቀመጥ ልጅ ከአያቱ የሰማውን ሥርዓት የሚያይበት ፊልም ነው።

*ድምፁ የማን ነው?*

ፊልሙ ወደ ሀገር ቤት የመጣበት መንገድ የራሱ ታሪክ አለው። የጣርማ በርን ዋሻ የቆፈረው የፋሺስት ጣልያን ነበር፤ ለወረራው ጦር መተላለፊያ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ጣልያን በዚያው መንገድ በካሴት ሆኖ ተመለሰ። ካሴቱና ዴኩ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ፣ ከጅቡቲ በባቲ በኩል፣ አለዚያም ሳዑዲ ዓረቢያ ሠርቶ ከተመለሰ ሰው ሻንጣ ይወጣል። የሚታየው ቅጂ የቅጂ ቅጂ ነው፤ ቀዩ ወደ ብርቱካን፣ ቢጫው ወደ ነጭ የደበዘዘ።

ቋንቋውስ? መጀመሪያ ላይ ከአግዳሚው መሐል ትንሽ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ልጅ ለጎረቤቱ ያስረዳል። ከሚሴ ላይ ጉዞው አንድ እርምጃ ይረዝማል፤ ወደ አማርኛ የተመለሰው ለሌላው ልጅ ወደ ኦሮምኛ ይመለሳል። በኋላ ቪሲዲ ሲመጣ «ትርጉም ፊልም» የሚባለው ተስፋፋ። አንድ ሰው ማይክ ይዞ የወንዱንም፣ የሴቷንም፣ የሕፃኑንም ንግግር ብቻውን በአማርኛ ይናገራል፤ የዋናው ድምፅ ከሥር በስሱ ይሰማል። በተለይ የህንድ ፊልም በዚህ መንገድ በየቤቱ ገባ። ዛሬም «ዋሴ ሪከርድስ» የሚለውን ስም ሰምቶ ፈገግ የማይል የዚያ ትውልድ ሰው ጥቂት ነው። ተርጓሚው ያየውን ብቻ አይናገርም፤ ይጨምራል፣ ይተርባል፣ የቦምቤውን ሽፍታ እንደ ሰፈር ጎረምሳ ያናግረዋል።

የተማረው ክፍል በዚህ ይስቅ ነበር። «ፊልሙን አበላሸው» ይባላል። ግን ሁለቱ ጣልያኖች ራሳቸው በማን ድምፅ ይናገሩ ነበር? በዚያ ዘመን የጣልያን ፊልም ድምፅ በአብዛኛው የሚገባው ከቀረጻ በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ፔደርሶሊ የኔፕልስ ቅላጼ ስለነበረው በብዙዎቹ ፊልሞች በጣልያንኛ የሚሰማው የግላውኮ ኦኖራቶ ድምፅ ነው፤ ለሂል የሚናገረው ደግሞ ፒኖ ሎኪ ነበር። ጣልያናዊው ተመልካች ራሱ ያየው «ትርጉም» ነው ማለት ይቻላል። ጀርመን ውስጥ ደግሞ ራይነር ብራንት የሚባል ባለሙያ በዋናው ጽሑፍ ላይ የሌለ ቀልድ እየጨመረ ፊልሞቹን እንደገና ጻፋቸው። ጀርመኖች ዛሬ በቃላቸው የሚደግሙት የእሱን ቀልድ ነው። የእኛ ተርጓሚ በማይክ የሠራው ከዚህ በምን ይለያል?

በጎረቤቶቻችንም ይኸው ነበር። በታንዛኒያ ሉፉፉ፣ በኡጋንዳ ቪጄ ጂንጎ፣ በኬንያ ዲጄ አፍሮ የውጭ ፊልምን በአፋቸው እንደገና ሠርተው ዝነኛ ሆነዋል። ማቲያስ ክሪንግስ የተባለው ጀርመናዊ የሥነ ሰብእ ምሁር የታንዛኒያዎቹን ተራኪዎች በመጽሐፉ አጥንቷቸዋል። የእኛዎቹን ሥራና ስም በአንድ ቦታ የሰበሰበ መጽሐፍ ግን በቀላሉ አይገኝም።

*ፍቅርም፣ ስርቆትም*

እዚህ ላይ የሚነሳውን ተቃውሞ መሸሽ አያስፈልግም። ይህ ሁሉ ያለ ፈቃድ የተደረገ ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ወዲህ ማባዛትም ሆነ መተርጎም የሥራው ባለቤት መብት እንደሆነ በግልጽ ተደንግጓል። ጉዳቱም የሩቅ ሰው ጉዳት ብቻ አልነበረም። ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. ከ1992 ወዲህ በካሴት ሽያጭ ኖሊዉድን ስትገነባ፣ እኛ ዘንድ የቪዲዮ ፊልም የሠሩ ሰዎች ሥራቸው በየመንደሩ ተባዝቶ ሲያዩ ፊታቸውን ወደ ሲኒማ ቤት አዞሩ። የአማርኛ ፊልም መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ በትኬት ይታያል፣ በቪሲዲ የሚወጣው ቆይቶ ነው። ስለዚህ ሲኒማ ቤት የሌለው ከተማ ልጅ የራሱን ሀገር ፊልም ዘግይቶ ያገኘዋል። ጣልያኖቹን ወደ ገጠር ከተማ ያመጣው ማባዛት፣ የሀገሩን ፊልም ከዚያው ከተማ ያራቀውም እሱ ነው። የቪዲዮ ቤትን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ሁለቱንም መጻፍ አለበት።

ዘመኑ የተዘጋበትን ዓመት መጥቀስ ይቻላል፦ 2008 ዓ.ም። በዚያ ዓመት ቃና ቴሌቪዥን ሥርጭት ጀመረ። የአንዱ ሰው ድምፅ ቀርቶ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የራሱ ተዋናይ ያለበት ትርጉም በየሳሎኑ ገባ፤ የሀገር ውስጥ የኪነ ጥበብ ባለሙያዎችም ተቃውሞ አሰሙ። ሰኔ 20 ቀን ባድ ስፔንሰር በ86 ዓመቱ ሮም ላይ አረፈ። በሐምሌ የመጨረሻው የቪዲዮ ዴክ አምራች የነበረው የጃፓኑ ፉናይ ማምረቱን አቆመ።

ከዚያ በኋላ የሌላው ዓለም መንገድ ሌላ፣ የእኛ ሌላ ሆነ። ቡዳፔስት እ.ኤ.አ. በ2017 ለባድ ስፔንሰር የነሐስ ሐውልት አቆመች፤ በርሊን በ2021 ሙዚየም ከፈተችለት። ጀርመን ውስጥ የድሮዎቹ ፊልሞች ምስላቸው ጸድቶ በብሉሬይ ታትመዋል፤ የጀርመንኛው ድምፅም አብሯቸው አለ። ቀይዋ መኪና እንደገና ቀይ ሆናለች። የእኛዎቹ ቪሲዲዎች ተፋፍቀዋል። የተረፉት በቴሌግራም ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራሉ፤ ተርጓሚው ማን እንደሆነ፣ መቼና የት እንደተቀዳ ሳይጻፍባቸው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ መንገዱ ራሱ ተቃጥሏል። በ2011 እና በ2013 ዓ.ም. በዚህ መስመር በተነሱት ግጭቶች የብዙ ሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ አጣዬ በእሳት ወድማለች። በ2014 መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ከሚሴ ድረስ ወረደ። ሰው በሞተበት ቦታ ስለ ሲዲ ማልቀስ ነውር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የዚህ ሸለቆ ታሪክ ዛሬ የሚጻፈው በግጭት ቀን ብቻ ነው፤ ማን ማንን መታ፣ ማን ቀደመ። ኦሮምኛ ተናጋሪውና አማርኛ ተናጋሪው ልጅ አንድ አግዳሚ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው፣ በአንድ ቡጢ እኩል የሳቁበት ከሰዓት በኋላ በማንም ሪፖርት ውስጥ የለም። ያ ሳቅ ግጭትን አላስቀረም፤ ያስቀራል ብሎ የሚከራከርም የለም። ግን ሆኗል፤ የሆነ ነገር ደግሞ መዝገብ ይገባዋል።

ሥራው ከባድ አይደለም። በከሚሴ፣ በባቲ ወይም በኮምቦልቻ አንድ የድሮ ቪዲዮ ቤት ባለቤት ዛሬም በሕይወት አለ፤ ካርቶን ውስጥ የቀሩ ካሴቶችና ሲዲዎች ይኖሩታል። ቀርቦ መጠየቅ፣ የሚሰማውን ድምፅ መቅዳት፣ የተርጓሚውን ስም፣ ዓመቱንና ቦታውን ጽፎ ማስቀመጥ ነው። የአካባቢው ኮሌጆች ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ሲፈልጉ ሩቅ መሄድ የለባቸውም። ባለቤቱ በመጀመሪያ ይፈራ ይሆናል። ለዓመታት ከሺሻ ቤት ጋር እየተደመረ ሲታሸግበት የኖረ ሰው ነው፤ በሩን ለመጠየቅ የሚያንኳኳ እንግዳ ሲመጣ ፖሊስ ቢመስለው አይፈረድበትም።