አዮዲን በአንኮበር መንገድ፦ የመንገደኛው ውሃና የባላገሩ ጨው



ስለ ሸዋ ነገሥታት ዙፋንና ስለ ተፈራረሟቸው ውሎች ብዙ ተጽፏል። ወደዚያ ዙፋን የተጓዘው ሰው በመንገዱ ላይ ምን ዓይነት ውሃ ጠጣ ብለን ግን እምብዛም አልጠየቅንም። ወደዚህ ጥያቄ የመራኝ የራሴ ስሕተት ስለ ሆነ ከእርሱ ልጀምር።

ከዓመታት በፊት ተማሪዎቼን ይዤ ለመስክ ጥናት ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ በእግር ወርጄ ነበር። በቦርሳዬ ሁለት ከመቶ የሆነ የአዮዲን ብልቃጥ ነበረ። አጠቃቀሙ የታወቀ ነው፤ ለአንድ ሊትር ጥሩ ውሃ አምስት ጠብታ፣ ለደፈረሰ ዐሥር ጠብታ ጨምሮ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው። የደጋ ምንጭ ቀዝቃዛ በመሆኑና ቅዝቃዜ የመድኃኒቱን ሥራ ስለሚያዘገይ እኛ አንድ ሰዓት እንጠብቅ ነበር። ማንም አልታመመም። ስንመለስ ደስ ብሎኝ የተረፈውን ብልቃጥ ላሳደሩን እናት ሰጠኋቸው፤ በየቀኑ በእንስራው ውሃ ላይ እንዲያንጠባጥቡም አስተማርኋቸው። እኒህ እናት አንገታቸው ላይ ጉልህ እንቅርት ነበረባቸው። አይቼዋለሁ፤ ነገር ግን ካየሁት ጋር የሰጠሁትን አላገናኘሁም።

የስሕተቱን ምንነት ለመረዳት ሁለት ታሪኮችን ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የመንገደኛው ውሃ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 በካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ከታጁራ ተነሥቶ፣ ከባሕር ጠለል በታች ያለውን የአሳል ሐይቅ አልፎ፣ የአፋርን ምድር አቋርጦ ወደ አንኮበር ወጣ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ሃሪስ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። እንደ ማናቸውም የዚያ መንገድ ሲራራ፣ ውሃው የሚጫነው በቆዳ ስልቻ ነበር። በዘመኑ የውሃ ዳኞች ዐይን፣ አፍንጫና ምላስ ብቻ ነበሩ። ሮበርት ኮክ የኮሌራን ተሕዋስ ለይቶ በውሃ እንደሚተላለፍ ያስረዳው በ1880ዎቹ ነውና።

የአገሩ ሰው በበኩሉ የራሱ ልማድ ነበረው። እንስራውን በወይራ ጢስ ያጥናል፤ ጠላ ይጠምቃል። ጢሱ ለውሃው መዓዛ ይሰጣል እንጂ ብቻውን ከበሽታ አያድንም። ማፍላት ግን ያድናል። በደብረ ብርሃንና በአንኮበር ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ይህም ተሕዋስያንን ለመግደል ይበቃል፤ ከ2000 ሜትር በላይ ለሆነ ስፍራ የሚሰጠው ምክር ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ማቆየት ነው።

ሁለተኛው የአዮዲን ታሪክ ነው። ፈረንሳዊው በርናር ኩርቷ እ.ኤ.አ. በ1811 ለባሩድ የሚሆን ቅመም ሲያዘጋጅ ከባሕር አረም አመድ ውስጥ አገኘው። ገና ዐሥር ዓመት ሳይሞላ፣ በ1820፣ የጄኔቫው ሐኪም ኩዋንዴ እንቅርትን ለማከም ተጠቀመበት። እንግዲህ አዮዲን ወደ ሕክምና የገባው በመጀመሪያ በእንቅርት በር እንጂ በውሃ በር አይደለም። የውሃ መድኃኒትነቱ የተስፋፋው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። የአሜሪካ ወታደሮች ይይዙት የነበረው የክሎሪን እንክብል የአሜባን ጽኑ ቅርፊት በሚገባ ስላልቻለው፣ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች የአዮዲን እንክብል አዘጋጁ። አንዱ እንክብል ለአንድ ሊትር ውሃ ስምንት ሚሊግራም ያህል አዮዲን ይለቅቃል። ከወታደሩ ኮሮጆ ወደ ተራራ ተጓዡ ቦርሳ የተሸጋገረው ከዚያ በኋላ ነው። እርሱም ቢሆን ሁሉን አይችልም፤ ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለው ተሕዋስ ይቋቋመዋል።

አሁን ሁለቱን ታሪኮች በቁጥር እናገናኛቸው። ለአዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው አዮዲን 150 ማይክሮግራም ነው። አንድ ሊትር የታከመ ውሃ ከዚህ ከሃምሳ እጥፍ በላይ ይይዛል። ጤነኛ መንገደኛ ይህን ለጥቂት ሳምንታት ይችለዋል። ለወራት ሲጠጣ ግን ጉዳቱ ይታያል፤ በ1990ዎቹ በኒጀር ያገለገሉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ ፈቃደኞች በአዮዲን ማጣሪያ ምክንያት ራሳቸው እንቅርት አውጥተዋል። አዮዲን አጥቶ ለኖረና እንቅርት ለያዘው ሰው ደግሞ ድንገተኛው ብዛት ዕጢውን አስቆጥቶ ልብን እስከ ማወክ ሊደርስ ይችላል። ለነፍሰ ጡርም አይመከርም።

ለመሆኑ የእኒያ እናት እንቅርት ከየት መጣ? የደጋው አፈር አዮዲኑን ለዘመናት በዝናብና በጎርፍ አጥቷል፤ በላዩ የሚበቅለውም እህል እንዲሁ ድኻ ነው። ሃሪስ በመጣበት መንገድ የአሳል ጨው በግመል ወደ አልዩ አምባ ገበያ ይወጣ ነበር፤ ይሁን እንጂ አዮዲን ያልተጨመረበት ጨው ጉድለቱን አይሞላም። በኋላ ዘመን አዮዲን ያለው ጨው ከአሰብ ይመጣ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የተቀሰቀሰው ጦርነት ያንን መንገድ ዘጋው። መንግሥት ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት ያስገደደው በ2011 ነው። በዚያው ዓመት በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘባቸው ቤቶች ከመቶ 15 ገደማ ነበሩ፤ በ2016 ግን 89 ሆኑ። ይህ ለውጥ በእኔ ግምት ከብዙ ውሎች የሚበልጥ የታሪክ ክንውን ነው።

ነገሩን ያስረዳኝ አንድ የሕክምና መምህር ወዳጄ ነው። በማግሥቱ ወደ አንኮበር ተመለስሁ። እናቲቱ ብልቃጡን ከሣጥን አውጥተው አሳዩኝ። «ልጄ፣ መድኃኒት በውሃ ሲባክን አላስችል አለኝ፤ የልጁ እግር ሲቆስል ቀባሁበት» አሉኝ። የእርሳቸው ቁጠባ ከእኔ ዕውቀት ተሽሎ ተገኘ። ጨዋቸውን እንዲያሳዩኝ ጠየቅኋቸው። ከምድጃው አጠገብ፣ ክዳን በሌለው ቅል ውስጥ ነበር፤ ሙቀትና እርጥበት ደግሞ አዮዲኑን ያባክኑታል። ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከእሳት ርቆ እንዲቀመጥ፣ ወጡ ላይም በመጨረሻ እንዲጨመር ተነጋገርን። ስለ እንቅርታቸውም ሐኪም ቤት እንዲታዩ ለመንኋቸው፤ ታዩም።

ውድ ተማሪዎች፣ ለመስክ ስትወጡ ከቻላችሁ ውሃችሁን አፍሉ፤ ካልቻላችሁ ከታይሮይድ ሕመም ነጻ የሆናችሁ በአዮዲን ለጥቂት ቀናት ተጠቀሙ፤ ቅዝቃዜውንም አትርሱ። ነገር ግን የመንገደኛውን መፍትሔ የነዋሪው መፍትሔ አድርጋችሁ ትታችሁ አትምጡ። መንገደኛው የሚጠጣው ለሳምንት ነው፤ ነዋሪው ዕድሜ ልኩን። ለእርሱ የሚገባው የተከለለ ምንጭና አዮዲን ያለው ጨው ነው። ስለ አንድ ስፍራ ታሪክ ስንጽፍም በዚያ ማን እንዳለፈ ብቻ ሳይሆን፣ እንግዳው ከሄደ በኋላ የቀረው ሰው ከየትኛው እንስራ እንደሚጠጣ እንጠይቅ።