ንጥል ድምፅ ወይስ ፊደል? በአማርኛ የሚማሩ ልጆችን የንባብ ችግር ስለ መመዘን

ትምህርት የሚከብዳቸውን ልጆች ለይቶ ስለ ማገዝ፣ ቢኔና ሲሞን በ1905 (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የአእምሮ ብቃት መለኪያቸውን ካወጡ ወዲህ ብዙ ተጽፏል። የአእምሮ ብቃት ውጤትን ከንባብ ውጤት ጋር አስተያይቶ ልዩነቱን እንደ ችግር ምልክት የመቁጠሩ ልማድም፣ ሊንዳ ሲገል በ1989 ከተቸችው በኋላ ጠበቃው ሳስቷል። በሁለቱ ላይ የምጨምረው የለኝም። ሙግቴ ቦታቸውን ከወረሰው አስተሳሰብ ጋር ነው።

ኪት ስታኖቪች በ1988 ባቀረበው ሞዴል የዲስሌክሲያ (የንባብ ችግር) እምብርት የንግግር ድምፆችን የማቀናበር ድክመት ነው። ለእንግሊዝኛ አንባቢዎች ሐሳቡ ብርቱ ነው። የማልቀበለው አብሮት የተስፋፋውን መለኪያ፣ ማለትም ሮዝነርና ሳይመን በ1971 እንዳዘጋጁት ዓይነት፣ ከቃል ላይ አንድ ንጥል ድምፅ አስቀንሶ የቀረውን የሚያስጠራውን ፈተና በየቋንቋው መጠቀምን ነው። ይህ ችሎታ በተፈጥሮ የሚገኝ አይደለም። ሞራይሽና ባልደረቦቹ በ1979 ያጠኗቸው ማንበብ ያልተማሩ ፖርቱጋላውያን ጎልማሶች ፈተናው ከብዷቸዋል። ሪድና ባልደረቦቹ በ1986 እንዳሳዩት፣ በባሕላዊው ጽሕፈት ብቻ የተማሩ ቻይናውያንም ማንበብ እየቻሉ ንጥል ድምፅ መቀነስ አልቻሉም። እንግዲህ ፈተናው የሚለካው በአብዛኛው የላቲን መሰል ፊደላትን ትምህርት ውጤት ነው።

ወደ አማርኛ እንምጣ። መዛኙ «ሰላም» ከሚለው ቃል የመጀመሪያውን ድምፅ ቀንስ ይላል፤ ልጁ «ላም» ብሎ ይመልሳል። የተዋሰው የማረሚያ ቁልፍ «ኧላም» የሚል ስለሆነ ልጁ ዜሮ ያገኛል። ልጁ ግን በተማረበት አሃድ፣ በፊደል፣ በትክክል ቀንሷል።

ሶናሊ ናግ በ2007 በደቡብ ሕንድ ስለሚነገረው የካናዳ (Kannada) ቋንቋ ያቀረበችው ጥናት በእኛ ዘንድ የሚገባውን ትኩረት አላገኘም። የቋንቋው ጽሕፈት እንደ ፊደላችን ተነባቢንና አናባቢን በአንድ ምልክት ያጣምራል፤ ልጆቹም ምልክቶቹን ጠንቅቀው ለማወቅ ዓመታት ይወስድባቸዋል፣ የንጥል ድምፅ ግንዛቤያቸውም ዘግይቶ ይመጣል። አስፋሃ፣ ኩርቨርስና ክሮን በ2009 በኤርትራ እንዳሳዩት ደግሞ፣ የግዕዝ ፊደል ምልክቱ ቢበዛም ለጀማሪዎች ከላቲን ይልቅ ቀሏቸዋል። ቪመር በ1993 ያጠናቸው የጀርመንኛ ተማሪዎች ችግራቸው የታየው በስሕተት ሳይሆን በዝግታ ነው፤ ስለዚህ ፍጥነትም መለካት አለበት።

«ለ፣ ሉ፣ ሊ» የሚለው ተርታ ተነባቢውን ራሱ ያስተምራል የሚሉ አሉ። ገበታውን በዜማ የወረደ ልጅ ሁሉ «ል»ን ከአናባቢው ነጥሎ ይሰማል ማለት ግን አይደለም። የድምፅ ፈተና ውጤት ከንባብ ጋር አብሮ ይሄዳል የሚለውም፣ ንባቡ ችሎታውን ፈጥሮት ሊሆን ስለሚችል፣ ብዙ አያስኬድም። ሰፊ ጥናት ያስፈልጋል መባሉ እውነት ነው፤ መለኪያውን እስከዚያ ለማቆየት ግን ምክንያት አይሆንም።

ምዘናው ከፊደሉ ይነሣ። ልጁ በደቂቃ ስንት ፊደል ያነባል? ካዕብን ከሳልስ፣ ራብዕን ከኃምስ ያምታታል? ፊደሉ መጥበቅን ስለማያሳይ፣ «ገና»ን እንደ ዐረፍተ ነገሩ አጥብቆና አላልቶ ያነባል? ዓይኑ፣ ጆሮውና የቤቱ ቋንቋ አስቀድመው ይታዩ። ልኬቱም ከማጠናከሪያ ትምህርት ጋር በየሳምንቱ ይደጋገም። በ2010 በኢትዮጵያ በተካሄደው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ አንድ ቃል እንኳ አላነበቡም። እንዲህ ባለበት አገር የአንድ ቀን ውጤት የልጁን ችግር ከማስተማሩ ጉድለት አይለይም፤ በየሳምንቱ እየተማረ ለውጥ ያላሳየውን ልጅ ግን መምህሩ ለይቶ ሊያግዘው ይችላል።