ይሉኝታ

«ይሉኝታ» ሁለት ወገኖችን በአንድ ላይ የያዘ ቃል ነው። መነሻው «አለ» የሚለው ግስ ነው። «ይሉኝ» ሲባል ተናጋሪዎቹ «እነሱ»፣ የሚነገርበት ደግሞ «እኔ» ነው፤ መጨረሻ ላይ «ታ» ገብታ ስም አደረገችው። እነሱ እነማን እንደሆኑ ግን ቃሉ አይናገርም። ጎረቤት፣ ዘመድ፣ የዕድር አባል፣ አንዳንዴም ጨርሶ የማይታወቅ መንገደኛ ሊሆኑ ይችላሉ።

ከሐፍረት ጋር ማምታታት ልክ አይደለም። ሐፍረት አብዛኛውን ጊዜ ከድርጊት በኋላ ይመጣል፤ ይሉኝታ ቀድሞ አፍ ይይዛል።

ምሳ ሰዓት የደረሰ እንግዳን ማየት ይበቃል። ሆዱ ባዶ ሆኖ ሳለ «አሁን በልቼ ነው የወጣሁት» ይላል። ባለቤቲቱም ቃሉን እንደወረደ አትቀበለውም፤ «በሞቴ!» ብላ እንጀራውን በወጥ ጠቅልላ ታጎርሰዋለች፤ አንድ ያጣላል ተብሎም ሁለተኛው ይከተላል። ያልተነገረው ተሰምቷል። ይህ የሚሠራው ግን ሁለቱም ወጉን ሲያውቁ ነው። ሐኪም ፊት የተቀመጠ ታካሚ «ምን ይለኛል» ብሎ ሕመሙን ሲያሳንስ፣ «በሞቴ» ብሎ የሚያወጣጣው የለም። የቃሉ አስጊ ገጽታ ይህ ነው።

አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ቻርልስ ኩሊ በ1902 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው ሌሎች እንዴት እንደሚያዩት እያሰበ ራሱን እንደሚቀርጽ በመስታወት መስሎ አስረድቷል። አማርኛ ለዚህ ስሜት አንድ ቃል ብቻ ሳይሆን ፍርድም አለው። «ይሉኝታ ቢስ» የተባለ ሰው ክፉኛ ተሰድቧል። «ይሉኝታ ያጠቃዋል» የሚባለው ደግሞ ይታዘንለታል፤ ያበደረውን ገንዘብ መጠየቅ አቅቶት፣ ተበዳሪውን ባገኘው ቁጥር ስለ ልጆቹ ጤና ብቻ ጠይቆ የሚመለሰው ሰው።