ለ8 ቀን ሄደው 286 ቀን የቆዩት ጠፈርተኞች

ለአንድ ሳምንት ብላችሁ ከቤት ወጥታችሁ ዘጠኝ ወር ብትቀሩስ? ቡች ዊልሞርና ሱኒ ዊሊያምስ የገጠማቸው ይሄ ነው። የሚገርመው ደግሞ የልብስ ሻንጣቸው እንኳ አብሯቸው አልሄደም። በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ሽንትን ወደ መጠጥ ውሃ የሚቀይረው መሣሪያ ፓምፑ ተበላሽቶ ስለነበር፣ ሻንጣው ወርዶ መለዋወጫው ተጫነ። (አዎ፣ የራሳቸውን ሽንት አጣርተው ነው የሚጠጡት።)

የተነሱት እ.ኤ.አ ጁን 5/2024 ነው። ቦይንግ የሠራት ስታርላይነር ሰው ጭና ስትበር የመጀመሪያዋ ነበር። ጣቢያው ጋ ልትደርስ ስትል ሂሊየም ማፍሰሷ ሳያንስ፣ አቅጣጫ ከሚያስተካክሉት ትናንሽ ሞተሮች አምስቱ ቀጥ አሉ። አራቱ በኋላ ቢነሱም ናሳ በሰው ሕይወት አልቆመረም፤ መንኮራኩሯ ሴፕቴምበር ላይ ባዶዋን ተመለሰች። በሰላምም አረፈች! ሁለቱ ግን የስፔስኤክስን መንኮራኩር መጠበቅ ነበረባቸው።

ጣቢያው ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ከመሬት 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በመኪና ከዚያ ይርቃል። «እዚያ የመሬት ስበት የለም» የሚባለውም ልክ አይደለም፤ እኛ ከሚሰማን 90 በመቶ የሚጠጋው እዚያም አለ። የሚንሳፈፉት ጣቢያው ከነሰዎቹ ወደ መሬት እየወደቀ ስለሆነ ነው። ግን በሰዓት 28 ሺህ ኪሎ ሜትር ወደ ጎን ስለሚከንፍ መሬትን ይዞራታል እንጂ አይደርስባትም።

ችግሩ ሰውነታችን ለዚህ አልተሠራም። ክብደት የሚሸከሙት አጥንቶች በወር ከ1 እስከ 1.5 በመቶ ይሳሳሉ፣ ጡንቻ ይሟሽሻል፣ የአንዳንዶች ዓይንም ይደክማል። ለዚህ ነው በቀን ሁለት ሰዓት ገደማ ስፖርት የሚሠሩት። ሱኒ ፎቶዋ ላይ «ከሳች» ተብሎ ሶሻል ሚዲያው ሲንጫጫ፣ ክብደቷ እንዳልቀነሰና የሰውነቷ ቅርጽ እንደተቀየረ ተናግራ ነበር። እ.ኤ.አ ማርች 18/2025 ፍሎሪዳ አጠገብ ባሕር ላይ ሲያርፉ በቃሬዛ የወጡትም ታመው አይደለም፤ ከረጅም ቆይታ የሚመለስ ሁሉ እንደዚያ ነው።

ማርስ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። መሄጃው ብቻ ከስድስት ወር በላይ ነው፤ ዕቃ ቢበላሽ መለዋወጫ ይዞ የሚደርስ የለም።

ታዲያ ምን ይስባቸዋል? በ90 ደቂቃ ዓለምን መዞር፣ በቀን 16 ጊዜ ፀሐይ ስትወጣ ማየት አንዱ ነው። ሱኒ እዚያው እያለች ከጣቢያው ውጪ ወጥታ ሠርታለች፤ በዚህ ሥራ የቆየችበት ሰዓት ሲደመር ከ62 በልጦ የሴቶችን ክብረ ወሰን ይዛለች። ቡች በበኩሉ የልጁ የመጨረሻ የሃይስኩል ዓመት አምልጦታል።

ከተመለሱ በኋላ በዚያችው ስታርላይነር እንደገና ትበሩ ነበር ወይ ተብለው ተጠይቀው ነበር። ሁለቱም «አዎ» ብለዋል።